የጾምና የፍስክ ላም

ሳንሱሲ ውስጥ ላም የሚያረባ ሰው ሞልቷል። አንዲትን ላም በጾምና በፍስክ ተካፍሎ የሚያረባ ግን ከእትዬ ጽጌማርያምና ከጎረቤታቸው ከአቶ ወንድሙ ቤት ሌላ የለም። አለ የሚል ካለ ይምጣና ይናገር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ጽጌ የጎጃም ሰው ናቸው፤ እንኳን ሁዳዴን ቀርቶ ቄሱም የሚያልፏትን የፈቃድ ጾም የማያልፉ ጿሚ። ጎረቤታቸው ወንድሙና ሚስቱ ብዙነሽ ደግሞ ጴንጤዎች ናቸው፤ እሑድ ጠዋት ዝማሬያቸው የእትዬ ጽጌን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጠዋል። ሁለቱን ግቢ የሚለየው አንድ አሮጌ አጥር ነው። አጥሩ መሐል ላይ ጎንበስ ብለው የሚያልፉባት ትንሽ በር አለች። ያቺን በር የከፈቱት የእትዬ ጽጌ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አቶ መኳንንት ናቸው። ላሟን፣ ሻሼን፣ ገና ጊደር ሳለች ገዝተው በገመድ እየሳቡ ያመጧትም እሳቸው ናቸው። የራሳቸው ግቢ ግን ላም ቀርቶ ዶሮም እንደልብ አያዞርም፤ ስለዚህ ሻሼ በነወንድሙ ሰፊ ግቢ ታሰረች፣ እዚያው ወለደች፣ እዚያው ኖረች።

አቶ መኳንንት ያረፉ ጊዜ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ "ላሟን ሽጪያትና እረፊ" እያለ መከረ። ለቅሶ ላይ ምክር እንደ ንፍሮ ነው፤ ለሁሉም ይዳረሳል። ያኔ ብዙነሽ በዚያች በር ጎንበስ ብላ ገብታ፣ "እትዬ ጽጌ፣ እበቷን እኔ እጠርጋለሁ፣ ውሃዋንም እኔ አጠጣለሁ፤ ብቻ አይሽጧት" አለች። እትዬ ጽጌም እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ "እንግዲያውስ የጾሙ ወተት የናንተ ይሁን፤ የፍስኩ ለኔ ይበቃኛል" አሉ። መኖውንም ያለበ ይገዛል ተባባሉ። ውሉ ይኸው ነው፤ ሽማግሌም አልተቀመጠበት።

ወንድሙ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው ቤት የዋለ፣ ቤት ውሎም የሚነዳው ስላጣ ነገር የሚነዳ። "እትዬ ጽጌ፣ እስቲ ያስቡት" ይላል፤ "ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ የነቢያት አለ። ከዓመቱ የሚበዛው ጾም ነው። ስለዚህ ሻሼ ጴንጤ ናት ማለት ነው።"

"ዝም በል! አንተ ጋ እንግዳ ናት" ይላሉ እትዬ ጽጌ።

"እንግዳ እንዲህ ይከርማል?"

"ደግ ቤት ሲያገኝማ ይከርማል!"

ይሳሳቃሉ። የወንድሙ የልጅ ልጅ ራዕይም በዚያው በጾሙ ወተት ጉንጯ ተነፍቶ፣ እግር አውጥታ፣ በአጥሩ በር ጎንበስ ሳትል ማለፍ ጀመረች። "አያቴ" ማለት አቅቷት እትዬ ጽጌን "አያ" ትላቸዋለች። ዘነበወርቅ ሰፈር ያገባች ማራኪ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እሷ ደግሞ ስልክ በደወለች ቁጥር "እማዬ፣ እዚያ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ? ነይ እኔ ጋ" ትላለች። እትዬ ጽጌ "ሻሼን ለማን ጥዬ?" ብለው ይዘጉታል። እውነቱን ለመናገር ልጃቸውን ይወዷታል፤ በሷ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ መኖርን ግን እንደ እስር ቤት ነው የሚፈሩት።

ታዲያ ዘንድሮ ውሉ ያላሰበው ነገር መጣ። ሻሼ አረገዘች፤ እሰይ ተባለ። ከዚያ ነጠፈች። ላም ነጥፋ ወተቷ ሲደርቅ አላቢ የለም፤ አላቢ ከሌለ "መኖውን ያለበ ይገዛል" የሚለው ነገር ማንን ይያዝ? ሌላ ሰው ቢሆን "ተራው ያንተ ነው፣ ተራው ያንቺ ነው" ብሎ ይጣላ ነበር። እነዚህ ግን በተቃራኒው ነው የባሰባቸው። እትዬ ጽጌ ለራሳቸው ዘይት ሳይገዙ ፉርሽካ ይገዙና ብዙነሽ ሳታይ ግርግሙ ውስጥ ይገለብጣሉ። ብዙነሽ ደግሞ ከጓዳዋ ቀንሳ ፋጉሎ ትገዛና "ድሮ የተረፈ ነው" ትላለች። ወንድሙ ወገቡን ይዞ ከጠላ ሻጯ ከወለተጻድቅ ቤት አተላ እየተሸከመ ያመጣል። የመኖ ዋጋ እንደሆነ በየሳምንቱ ነው የሚሰቀለው። ሁለቱም ቤት ጓዳው ተራቁቶ፣ የሻሼም ጎድን መቆጠር ጀመረ።

የከብት ነጋዴው ከሊፋ ይህን አይቶ ቀረበ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሻሼን አሽቶ፣ ሆዷን ዳስሶ፣ ደህና ዋጋ ጠራ። "እማማ፣ እርጉዝ ላም በረሃብ አትያዝም፣ ነውር ነው። ቅዳሜ እመለሳለሁ፤ ሐሳብዎን ይጨርሱ" አለ። እትዬ ጽጌ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ሻሼ ከሄደች ዘነበወርቅ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ነው፤ የራዕይ "አያ" የለም፤ ጎንበስ የሚሉባት በር የለችም። ይህንን ለማንም አልተናገሩም። ጨጓራዬን ነው አሉ።

በዚያው ሳምንት የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ደግፌ ሰፈሩን በጥሩምባ ጠሩ። የሞተ ያለ መስሎት ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ አዳራሹን ሞላው። የሞተ የለም፤ ከወረዳው የከተማ ግብርና የመጣች ሌሊሴ የምትባል ባለሙያ ናት የምትናገረው። ቀጠን ያለች፣ ጫማዋ ላይ የደረቀ እበት ያለባት ልጅ። እትዬ ጽጌ ጫማዋን አይተው ወደዷት።

"የወተት ላም ለሚያረቡ የመኖ ድጎማ መጥቷል" አለች ሌሊሴ። "የፉርሽካውንና የፋጉሎውን ግማሽ ዋጋ መንግሥት ይሸፍናል። አየር ጤና ካለው ማከፋፈያ ድረስ መሄድ አይጠበቅባችሁም፤ እዚህ ድረስ ይመጣል። የነጠፈች እርጉዝ ላም ደግሞ ቅድሚያ አላት።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ከኋላ አንዱ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!" ብሎ ሲጮህ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሌሊሴም ሳቀች።

"ላሟ ምድር ላይ ትሁን እንጂ ድጎማውን ከሰማይም ቢሆን አወርደዋለሁ" አለች። "አንድ ነገር ግን አለ። አንዲት ላም በአንድ ሰው ስም ብቻ ነው የምትመዘገበው። ባለቤቱም ላሟ ፊት ቆሞ፣ ሁለት ጎረቤት እየሰማ፣ 'ላሟ የኔ ናት' ማለት አለበት። ሌላ ቦታ አንዲት ላም ሦስት ግቢ እየዞረች ሦስት ጊዜ ተመዝግባብን ነው። እኔ እስከ ሐሙስ ቢሮ አለሁ፤ ዓርብ ዞሬ አያለሁ። ከዓርብ በኋላ የለም።"

እትዬ ጽጌ ወንድሙን አዩት። ወንድሙም እትዬ ጽጌን። "እጅዎን ያውጡ እንጂ" አለ በሹክሹክታ። "አንተ አውጣ" አሉ እሳቸው። እንዲህ እየተባባሉ ስብሰባው ተበተነ።

ቤታቸው ገብተው ሲያስቡት እትዬ ጽጌ ነገሩ አልዋጥ አላቸው። ላሟን የገዛው መኳንንት ነው፣ እውነት ነው። ግን የማን ግቢ ላይ ነው የቆመችው? በክረምት ጭቃ እበት ስታፍስ የኖረችው ማን ናት? ሻሼ ምጥ የያዛት ጊዜ ቦቲ አድርጋ በረት ውስጥ ያደረችው ብዙነሽ አይደለችም? አሁን መንግሥት ነገር ሲሰጥ ጊዜ ብቅ ብሎ "የኔ ናት" ማለት ምን ይባላል? ሰፈሩስ ምን ይላል? "ሲያረቡ የጋራ፣ ሲታደል የብቻ" አይልም? መኳንንትም ራሱ "በሰው ግቢ የታሰረ ከብት የኔ ተብሎ አፍ አይሞላበትም" ይል ነበር። ደግሞ ወንድሙ ሥራ የለውም፣ ልጅ የሚያሳድግ ቤት ነው። በነሱ ስም ይጻፍ፤ እኔ ላሟን በዓይኔ ካየሁ ምን ጎደለብኝ አሉ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ አንዴ ከያዘ ሰውን ከገዛ ቤቱ አስወጥቶ በር ላይ ያስቆመዋል።

ሐሙስ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ለማንም ሳይነግሩ ወረዳ ወረዱ። ሌሊሴን ጠረጴዛዋ ላይ ቆሎ እየበላች አገኟት።

"ልጄ፣ ሻሼ የምትባለው ላም" አሉ። "የኔ እየመሰላቸው ስሜን የሚነግሩሽ ሰዎች ይኖራሉ። የወንድሙ ናት። እሱ አፍሮ ነው ያልመጣው። በሱ ጻፊያት።"

ሌሊሴ ቆሎዋን ማኘክ አቆመች። "አቶ ወንድሙ? ወገባቸውን የሚያማቸው?"

"እህ! ታውቂዋለሽ?"

"ትናንት እዚሁ ወንበር ላይ ነበሩ። 'ሻሼ የእትዬ ጽጌ ናት፤ እሳቸው አፍረው ነው ያልመጡት፤ በሳቸው ጻፊ' ብለውኝ ሄዱ።"

"ማን ፈቅዶለት!" እትዬ ጽጌ ከወንበሩ ተነሱ። "የሰው ነገር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው? ሳይጠይቀኝ? ከጀርባዬ?"

ሌሊሴ ቀና ብላ አየቻቸው። እትዬ ጽጌ ራሳቸው የት እንደቆሙ ትዝ አላቸውና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"እማማ" አለች ሌሊሴ ሳቋን እየዋጠች፣ "የሰው ላም የኔ ናት ያለ ብዙ አይቻለሁ። ላም ተበድሮ ያሳየኝም ሰው አለ። የራሱን ላም የኔ አይደለችም የሚል ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው፤ ያውም ሁለት ሰው! አሁን እኔ እጅ ላይ ያለችው ባለቤት የሌላት ላም ናት። ድጎማው ደግሞ ላም አይደለም የሚፈልገው፣ ባለላም ነው። ነገ እመጣለሁ። ነገ አንዳችሁ የኔ ካላላችሁ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም። ሆለታ እርሻ ላይ ነው ያደግኩት፤ የነጠፈች ላም ስትራብ ማየት አልወድም።"

እትዬ ጽጌ ሲመለሱ ወደ ቤታቸው እንኳ አልገቡም። በቀጥታ ጎንበስ ብለው በአጥሩ በር ገቡ። ወንድሙ ፀሐይ ላይ ወገቡን እየሞቀ ነው።

"አንተ ወስላታ! ወረዳ ምን ልትሠራ ሄድክ?"

ወንድሙ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ዓይኖቹ ጠበብ አሉ። "እርስዎስ ይህን ወረዳ ካልሄዱ በምን ሰሙ?"

ብዙነሽ ከበረት ውስጥ መጥረጊያዋን እንደያዘች ወጣች። "ጉድ እኮ ነው! ሁለታችሁም ሄዳችኋል?"

"የገዛኋት እኔ አይደለሁም" አለ ወንድሙ፣ አሁን ቀልዱን ትቶ። "ጋሽ መኳንንት ናቸው የገዟት። እኔ ነገ ተነስቼ የኔ ናት ብል ሰው ምን ይለኛል? 'ጴንጤው የባልቴቷን ላም ቀማ' ነው የሚለኝ። ቤተክርስቲያን ውስጥ ወንበር ላይ እንዴት እቀመጣለሁ?"

"እኔስ? 'የብዙነሽን ጉልበት ጨርሳ የራሷን ስም አጻፈች' አይለኝም? ብዙዬ እጇ እስኪሰነጣጠቅ ያሳደገቻትን?"

"የኔን እጅ ተዉት" አለች ብዙነሽ። "እኔ የማውቀው ቅዳሜ ከሊፋ እንደሚመጣ ነው።"

ያኔ ሁሉም ሻሼን አዩ። ሻሼ እንደሆነች ክርክሩ አላሳሰባትም፤ ባዶ ግርግሟን ትልሳለች።

ዓርብ ሌሊሴ መጣች። ጋሽ ደግፌ ኮታቸውን ለብሰው፣ ወለተጻድቅ ከነሽርጧ፣ ለምስክርነት ቆሙ። ብዙነሽ ራዕይን አዝላለች። ሌሊሴ በመጀመሪያ ወደ ሻሼ ሄዳ ሆዷን በመዳፏ ዳሰሰችና ፊቷ በራ። "ጥጃዋ ይራገጣል" አለች። ከዚያ ዞር ብላ፣ "እሺ። የማን ናት?" አለች።

"የእትዬ ጽጌ ናት" አለ ወንድሙ።

"ኧረ በመድኃኔዓለም! የወንድሙ ናት።"

"እትዬ ጽጌ፣ ጌታን! የእርስዎ ናት።"

"አምላኬን እንዳትጠራብኝ፤ ያንተ ናት!"

ሻይ ቤት ሒሳብ ለመክፈል የሚታገሉ ሰዎች አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው የሆኑት፤ አንዱ የሌላውን እጅ ይገፋል። ወለተጻድቅ "እንዲህ ከሆነማ ለኔ ስጡኝ፤ አተላዬን ስትበላ የኖረች ናት!" አለች። ጋሽ ደግፌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌሊሴ ግን አልሳቀችም። ገና የምታያቸው ስንት ግቢዎች አሉባት።

"አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እየለመንኳችሁ ነው" አለች። "አንድ ቃል ናት። አሁን ካልተባለች እሄዳለሁ።"

እትዬ ጽጌ አፋቸውን ከፈቱ፤ የብዙነሽን እጅ አዩ፤ አፋቸውን ዘጉ። ቃሏ እስከ ጥርሳቸው ደርሳ ተመለሰች። ሌሊሴ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

ወንድሙ ያን ጊዜ ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ተነሳ። ወገቡን ይዞ፣ ቀስ ብሎ።

"በቃ" አለ። "መልካም። ያንተ ናት ካላችሁኝ የኔ ናት። ጻፊ፣ ወንድሙ በዪ።"

እትዬ ጽጌ በረጅሙ ተነፈሱ።

"ግን ድካምሽ ከንቱ እንዳይሆን ልንገርሽ ልጄ" አለ ወንድሙ ለሌሊሴ። "እኔ ወገቤ ላም አይችልም። የኔ ከሆነች ነገ ከሊፋ ሲመጣ እሸጥለታለሁ። እንዲያውም አሁን ልደውልለት፤ ዛሬውኑ መኪና ይዞ ይምጣ።" ከኪሱ ስልኩን አወጣ።

"ምን አልክ?" አሉ እትዬ ጽጌ።

"እሸጣታለሁ።"

"ማንን?"

"ላሜን ነዋ። ሰው የራሱን ላም አይሸጥም እንዴ? ሃሎ፣ ከሊፋ—"

"የማንን ላም ነው የምትሸጠው!" የእትዬ ጽጌ ድምፅ ራሳቸውም ሰምተውት የማያውቁት ነው። ራዕይ ከብዙነሽ ጀርባ ላይ አንገቷን ቀና አደረገች። "ማን ሰጥቶህ! መኳንንት በዝናብ ከአስኮ ድረስ ስቦ ያመጣት! ከሞተ ወዲህ ጠዋት የምነሳው ለማን ሆነና? የኔ ናት! ሻሼ የኔ ላም ናት! ንክች አታደርጋትም! ስልኩን ዝጋ!"

ሻሼ እንኳ ግርግሟን መላስ አቆመች።

"ሰምቻለሁ" አሉ ጋሽ ደግፌ።

"እኔም ሰምቻለሁ" አለች ወለተጻድቅ። "አስኮም ሳይሰማ አልቀረም።"

ወንድሙ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ለሰዉ አሳየ። ስልኩ ጠፍቶ ነበር፤ ባትሪው ያለቀው ትናንት ነው። ፊቱ ላይ ያ የአውቶቡስ ሾፌር ፈገግታው ቀስ እያለ መጣ። "የሰሎሞንን ፍርድ የምናነበው እኮ ለዚህ ነው" አለ።

እትዬ ጽጌ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" አሉ ጋሽ ደግፌ ራሳቸውን እየዳሰሱ፤ የሳቸው ራስ ከተመለጠ ቆይቷል። ሁሉም ሳቀ። እትዬ ጽጌ ግን አልሳቁም። ብዙነሽን ነው የሚያዩት። ብዙነሽ አንገቷን ደፍታ የራዕይን እግር ይዛለች። ከፋት? በእርግጥ ከፍቷታል። በሰው ፊት የኔ ብዬ ጮህኩ፣ እሷ ቆማ እየሰማች፣ አሉ በልባቸው። ቃሏን ሊመልሷት ፈለጉ፤ ግን የወጣች ቃል ናት፤ ደግሞም እውነት ናት። ሻሼን ይወዷታል። የሳቸው ናት። ይህን ማለት እንዲህ ደስ እንደሚል አያውቁም ነበር። ደስ ካለ ደግሞ በግማሽ መተው አልሆነላቸውም።

"ልጄ፣ ጽፈሻል?" አሉ ሌሊሴን።

"እየጻፍኩ ነው እማማ።"

"እንግዲያው ይቺንም ጨምሪ።" ጣታቸውን አነሱ፤ ወደ ወንድሙ፣ ወደ ብዙነሽ፣ ከጀርባዋ ላይ ወዳለችው ራዕይ። "እነዚህም የኔ ናቸው። ይሄ ወስላታም የኔ ነው። ሁሉም። ነገ የሚቀማኝ ቢመጣ እንደዚሁ ነው የምጮኸው።"

ሌሊሴ ብዕሯን ይዛ ቀረች። "እማማ… እሱን የምጽፍበት ቦታ የለኝም።"

"ግድ የለም። ሰምተዋል።"

ብዙነሽ ቀና አለች። እያለቀሰች ነበር፤ እየሳቀችም ነበር። "ሰምተናል" አለች። ወንድሙ አፉ የማያርፈው ሰውዬ ደግሞ ሄዶ የሻሼን ግርግም ያለ ምክንያት ጠረገ።

ቅዳሜ ከሊፋ በሰዓቱ መጣ። "አልሸጥም" አሉት እትዬ ጽጌ በር ላይ ቆመው። "የኔ ናት፣ አልሸጥም።" ቃሏን ለምደዋታል፤ ያን ሰሞን ለማያውቁት ሰው ሁሉ ይሏት ነበር። ከሊፋ ሳቀ፤ "አላህ ያሳድግልዎት፤ ጥጃዋ ወይፈን ከሆነ ግን ያስታውሱኝ" ብሎ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ድጎማው መጣ። ቃል በተገባበት ቀን አልመጣም፣ እንኳን የመንግሥት ነገር ዝናብም በቀጠሮው አይመጣም፤ ግን መጣ። ፉርሽካው በጆንያ ተራገፈ፣ ፋጉሎው ተከመረ፣ የሻሼ ጎድን ተሸፈነ። ወለተጻድቅ አተላዋን በነፃ መስጠት አላቆመችም፤ "መንግሥት የሰጠውን ያህል እኔም ሰጥቻለሁ፣ የኔ ግን አልተጨበጨበለትም" ትላለች።

ሻሼ ደግሞ የወለደችው መቼ መሰላችሁ? ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት። እንገሩ፣ ወተቱ፣ እርጎው፣ አንድ ጠብታ ሳይቀር ለነብዙነሽ። ወንድሙ አጥሩን ተደግፎ፣ "እትዬ ጽጌ፣ ላሟ የእርስዎ፣ ወተቱ የኛ! እንደርስዎ ያለ ባለላም ይብዛልን" ሲል፣ እትዬ ጽጌ ሹሯቸውን እያማሰሉ፣ "ጠጣ፣ ጠጣ፤ ፋሲካ ይድረስ፣ እንተያያለን!" ይሉታል። ጠዋት ጠዋት ጥጃዋን ለማየት ጎንበስ ብለው ይገባሉ፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ እንደ እናቷ ነጭ አላት። ማራኪ ስልክ ስትደውል "አሁን አልችልም፣ ጥጃ እያየሁ ነው" ብለው ይዘጉባታል።

የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እትዬ ጽጌ ለዶሮው ሽንኩርት እየከተፉ ሳሉ ብዙነሽ በአጥሩ በር ገባች። በሁለት እጇ የታቀፈችው ማሰሮ አለ። ክዳኑን አነሳችው። እስከ አፉ የሞላ ለጋ ቅቤ ነው። ሻሼ ከወለደች ወዲህ ስትንጥ የከረመችው።

"ይሄ ምንድነው ብዙዬ?"

"የዶሮው ነው።"

"አይሆንም!" እትዬ ጽጌ ቢላዋውን አስቀመጡ። "አይሆንም፣ ውል ውል ነው። የጾሙ ወተት የናንተ ነው። ወተቱ የናንተ ከሆነ ቅቤውም የናንተ ነው። መልሽ።"

ብዙነሽ ማሰሮውን አልመለሰችም። ክዳኑን በቀስታ ገጠመችና ሽንኩርቱ አጠገብ አስቀመጠችው።

"እሺ፤ ቅቤው የኛ ነው" አለች። "እኛስ የማን ነን?"

እትዬ ጽጌ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉና "ይሄ ሽንኩርት" አሉ። ከዚያ ማሰሮውን አንስተው ምድጃው አጠገብ አስጠጉት።